ከፍለሻል፤ ተረክበሻል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ካለ አንድ ግቢ 60 ቆርቆሮ፣ 4 የብረት መስኮትና 30 የቆመ ባሕር ዛፍ በጥቅምት ገዝተሻል። ገንዘቡን ጨርሰሽ ሁለት ምስክር ባሉበት ወረቀት ተጽፎልሻል። የራስሽ ቤት የግንባታ ፈቃድ ስላልደረሰ ዕቃውን እዚያው ተውሽው። በጥር ቤቱ ተሸጠ፤ የስም ዝውውሩም አለቀ። አዲሱ ባለቤት «እኔ የገዛሁት ከነሙሉ ንብረቱ ነው» ብሎ በሩን ዘጋብሽ። አንቺም «መኪናና ጉልበት ሠራተኛ ይዤ ልግባና ልጫን?» ትያለሽ።

አትግቢ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው እኔ ገብቼ ስላየሁት ነው።

በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ደሴ በጦሳ ግርጌ ካለ ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ጓሮ የነበረ አሮጌ ቤት ለማፍረስ ገዛሁ። አናጢ ነኝ፤ ያረጀ ቤት ገዝቼ አፍርሼ ቆርቆሮውን፣ ወራጁንና በሩን መልሼ ሥራ ላይ ማዋል የቆየ ሙያዬ ነው። 72 ቆርቆሮ፣ የጣራው እንጨት፣ ከጓሮው 40 ባሕር ዛፍ፣ እንዲሁም የአጥሩ ጥርብ ድንጋይ ተጨምሮ በ18,000 ብር ተስማማን። ቆርቆሮውን አወረድን፣ እንጨቱን ነቀልን፣ ግቢው ውስጥ ደረደርነው። ከዚያ ክረምቱ ገባ። የደሴን ዳገት በሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዚያ ጭቃ አይሱዙ ተጭኖ አይወጣም። «መስከረም ሲጠባ እጭነዋለሁ» አልሁ። ባለቤቱም «ቤትህ ነው፣ ምን ቸኮልህ» አለኝ። መስከረም ጠብቶ ስሄድ ሰውዬው ግቢውን ሸጦ አዲስ አበባ ገብቷል። በሩን የከፈቱልኝ የማላውቃቸው እናት ናቸው። ከቆርቆሮዬ 20ው በመንገዱ በኩል አጥር ሆኖ ተመቷል።

ደሜ ፈላ። በማግስቱ ሦስት ልጆች ይዤ በጓሮ በኩል ገባሁና ቆርቆሮውን መንቀል ጀመርሁ። እማማ ጮኹ፣ ሰፈሩ ወጣ፣ ፖሊስ መጣ። በገዛ ንብረቴ ከሳሽ መሆን ሲገባኝ የሰው ግቢ ጥሶ የገባ ተጠርጣሪ ሆኜ ግማሽ ቀን ጣቢያ ተቀመጥሁ። ዕቃው የራስሽ መሆኑ የሰው አጥር የመዝለል መብት አይሰጥሽም። ያን ቀን የጠፋብኝን ስም ለመመለስ ከቆርቆሮው የበለጠ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ወደ ቤቴ ስመለስ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ አዛውንት ዘንድ ጎራ አልሁ። ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ከፍለሃል፤ ተረክበሃል ወይ?» ያን ጊዜ የጥያቄው ክብደት አልገባኝም ነበር። አሁን ግን ለአንቺም የማነሣው ይህንኑ ነው፤ የጉዳይሽ ቁልፍ እዚህ ላይ ነውና።

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተንቀሳቃሽ ዕቃ የገዛ ሰው የዕቃው ባለቤት የሚሆነው ዕቃውን ሲረከብ ነው፤ ቁጥር 1186ን ተመልከቺ። ገንዘብ ከፍለሽ ዕቃው በሻጩ እጅ እንዳለ ከቀረ፣ ያለሽ መብት ሻጩን «አስረክበኝ» ማለት ነው እንጂ፣ ሦስተኛ ሰውን «ንብረቴን መልስ» ለማለት ገና አልበቃሽም። ርክክብ ማለት ግን የግድ በመኪና ጭኖ መውሰድ አይደለም። ዕቃው ተለይቶ ተቆጥሮ ሻጩ «ከዛሬ ጀምሮ የያዝኩልሽ በአደራ ነው» ካለ ርክክብ ነው። እኔን ያዳነኝ ይህ ነው። ቆርቆሮውን ሁለታችን ቆጥረን በወረቀቱ ጀርባ «72 ቆርቆሮ ተረክቤ እዚሁ በአደራ አስቀምጫለሁ» ብለን ፈርመን ነበር። አርባውንም ባሕር ዛፍ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ። ያደረግሁት ሕግ አውቄ ሳይሆን ሻጩ በክረምት ዛፍ እንዳይሸጥብኝ ፈርቼ ነው።

ስለዚህ ወረቀትሽን አውጥተሽ አንብቢው። «ተረክቤያለሁ» ወይም «በአደራ» የሚል ቃል አለበት? ቆርቆሮው ከሌላው ዕቃ ተለይቶ ተቀምጦ ነበር? ምስክሮቹ ሲከፈል ብቻ ነው ያዩት ወይስ ሲቆጠርም ነበሩ? ሲቆጠር ከነበሩ ዛሬውኑ አግኛቸው፤ ሰው ይረሳል።

ዛፉን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዲሱ ባለቤት «መሬት ላይ የቆመ ሁሉ የመሬቱ ነው» ቢልሽ ግማሽ እውነት አለው። ቁጥር 1133 ዛፍና ሰብል ከመሬቱ እስካልተለዩ ድረስ የመሬቱ አካል ናቸው ይላል። ነገር ግን እዚያው ቀጥሎ፣ ከመሬት ተቆርጠው እንዲወሰዱ ውል የተደረገባቸው እንደ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ይቆጠራሉ ይላል። በወረቀትሽ ላይ «30 ባሕር ዛፍ ተቆርጦ የሚወሰድ» ከተባለ ዛፉ በሕግ ዓይን እንደ ቆርቆሮሽ ነው። እንደ ቆርቆሮው ሁሉ ግን የርክክቡ ጥያቄ እሱንም ይከተለዋል፤ የትኞቹ 30 እንደሆኑ ካልታወቀ ክርክሩ ይከብድሻል። እኔ አርባዎቹን ያገኘሁት በቀለሙ ነው። የአጥሩን ጥርብ ድንጋይ ግን አጣሁት። ከግንቡ ጋር በሲሚንቶ ተያይዟል፤ አጥሩን ሳያፈርሱ ማውጣት አይቻልም፤ እንዲህ ያለው ከግቢው ጋር ይሄዳል። የአንቺ መስኮቶች ከግድግዳ ወጥተው ተቀምጠው ከሆነ ጥሩ፤ አሁንም በቤቱ ላይ ከተገጠሙ ግን ከእነሱ ይልቅ ገንዘብሽን ከሻጩ ብትጠይቂ ይሻልሻል።

አሁን ወደ አዲሱ ባለቤት። እባክሽ ይህን ሰው እንደ ጠላት አትይው። ሳያውቅ በቅን ልቦና ዋጋ ከፍሎ ዕቃ የተረከበን ሰው ሕጉ ይከልለዋል፤ ቁጥር 1161 ለዚህ ነው የተጻፈው። እሱም የሚጠቅሰው ይህንኑ ይሆናል። እንግዲህ በጨዋ ቃል «ውልዎን ያሳዩኝ» በይው። በከተማ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም። ውሉ ላይም አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የቤቱ ዓይነት፣ የካርታው ቁጥርና የቦታው ስፋት ነው። ጓሮ የተከመረ 60 ቆርቆሮ በውሉ ውስጥ ካልተጠቀሰ «ገዝቼዋለሁ» የሚለው ቃል ይላላል። ከተጠቀሰ ደግሞ ሻጩ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሸጧል ማለት ነውና ጣትሽ ወደ እሱ ይዙር።

ሻጩ የግድ መምጣት አለበት። በእኔ ጊዜ በስልክ ሦስት ሳምንት አመላለሰኝ። በመጨረሻ ወንድሙን ይዤ፣ ከሰፈሩ አንድ ሼህና አንድ ቄስ ለምኜ፣ እማማ ደጅ ሄድን። ወሎ ውስጥ ሁለቱ አብረው ሲቀመጡ ነገር የሚላላበት መንገድ አለ። ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጓሮው ይቅርታ ጠየቅሁ። ወረቀቴን ሼሁ አነበቡላቸው። እማማ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ይህን ቀድሞ ብትነግረኝ አጥሩን በቆርቆሮህ አልመታም ነበር» አሉኝ። ይህ ቃል እስካሁን ያንገበግበኛል፤ በሐምሌ አንዴ እግሬን ባነሣ ኖሮ ነገሩ እዚያ ባልደረሰ ነበር። 52ቱን ቆርቆሮ ወሰድሁ። አጥር የሆኑትን 20 ተውሁላቸው፤ ዋጋቸውን የሻጩ ወንድም በሁለት ጊዜ ከፈለኝ።

ሽምግልናው ካልያዘ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪ፤ ለሻጩም ለአዲሱ ባለቤትም፣ ቀን ያለበት፣ ቅጂው አንቺ ዘንድ የሚቀር። ከማስጠንቀቂያው በኋላ ዛፉን ቆርጦ ቢሸጥ «አላውቅም ነበር» ማለት አይችልም። ክስ ስትመሠርቺ ደግሞ ንብረቱ እንዳይሸጥና እንዳይቆረጥ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት የዕግድ ትእዛዝ አብረሽ ጠይቂ። ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ይከስና ፍርዱ ሲሰጥ ግቢው ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። የአንቺ ባሕር ዛፍ ከአጠና ወደ ቋሚ እየወፈረ በሄደ ቁጥር ለመሸጥ የሚፈትን ስለሆነ ዕግዱን አታዘግዪው።

ከተስማማችሁ የመጫኛውን ቀን በወረቀት ወስኑ፤ በየትኛው በር እንደምትገቢ፣ ስንት ሰው እንደምትይዢ፣ አጥር ቢሰበር ማን እንደሚጠግን ሁሉ ይጻፍ። የኤሌክትሪክ መስመር ያለበት ጥግ ላይ ያለውን ዛፍ ሙያተኛ ሳይኖር አታስቆርጪ። የገዛሽው ግንዱን ነው፤ ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ይበቅላልና የሚበቅለው የአዲሱ ባለቤት መሆኑን ራስሽ ቀድመሽ ንገሪው። እኔ ይህን ስናገር ነው የእማማ ፊት የተፈታው። ሲጫን ሁለታችሁም ቁጠሩ። ከ60ው የጎደለ ቆርቆሮ ካለ ቁጥሩን እዚያው በር ላይ አስፍራችሁ ተፈራረሙና ወረቀቱን ይዘሽ ወደ ሻጩ ሂጂ።