«ይግባኝ ብለን የለ፣ እንዴት ቤቱን አስረክቡ ይሉናል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባታችን ትቶልን ያለፈ ቤት አለ። በቤቱ ጉዳይ ወንድሜ ብቻውን ተከሶ ተረታ፣ እኔ ክስ መኖሩን የሰማሁት ከተፈረደ በኋላ ነው። እሱ ይግባኝ ብሏል። ሰሞኑን ግን ቤቱን አስረክቡ የሚል የአፈጻጸም ትእዛዝ መጣብን። አንዱ «እግድ አውጡ» ይለኛል፣ ሌላው «ተቃወሚ»፣ ሌላው ደግሞ «ሰበር ሂዱ»። ግራ ገባኝ፤ የኔ የትኛው ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መካሪ በዝቶብሻል። የሚሉሽ ሁሉ በሕግ አለ፤ ግን አንዱ የተከራካሪ ነው፣ አንዱ ከክርክሩ ውጭ የነበረ ሰው ነው፣ አንዱ ደግሞ ጊዜው ገና ነው። እስቲ መጀመሪያ መዝገቡን እይ፤ ስምሽ አለ?

ከሌለ ይግባኙ የወንድምሽ እንጂ ያንቺ አይደለም። ያንቺ መንገድ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 ነው። ተከራካሪ መሆን የሚገባው ወይም የሚችል ሰው ሳይገባበት የተሰጠ ፍርድ መብቱን ከነካበት፣ ለዚያው ለፈረደው ፍርድ ቤት የመቃወም አቤቱታ ያቀርባል። ፍርድ ቤቱም አይቶ ፍርዱን ያጸናዋል፣ ያሻሽለዋል ወይም ይሰርዘዋል። ወራሽነትሽን የሚያሳየውን ማስረጃ አያይዢ። አደራ፣ ይሄ አቤቱታ የሚቀርበው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ነውና ዛሬ ነገ አትበይ። (በመከላከያ መልስ ላይ ከሚነሳው «የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ» ጋር ደግሞ እንዳታምታቺው፤ እሱ የተከሳሽ ነው።)

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ብዙ ሰው ጉድ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። በፍትሐ ብሔር ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው፣ እሱም ብሏል፣ ጥሩ። ግን ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸምን አያስቆምም! ሕጉ ይህንን በግልጽ ነው ያስቀመጠው። የረታው ወገን የአፈጻጸም መዝገብ ከፍቶ ቤቱን ሊረከብ ይችላል፣ የናንተ ይግባኝ እዚያ ማዶ ቀጠሮ እየጠበቀ። ስለዚህ ከይግባኙ ጋር «አፈጻጸሙ ይታገድልኝ» ብሎ ለብቻው መጠየቅ ነበረበት። አሁንም ይጠይቅ። ፍርድ ቤቱ የሚያየው ካልታገደ ከባድ ጉዳት ይደርስ እንደሆነና አመልካቹ ሳይዘገይ መምጣቱን ነው፣ ዋስትናም ሊያስይዘው ይችላል። ባዶ እጁን እንዳይሄድ።

«እግድ» ሲሉሽም የትኛውን እንደሆነ ጠይቂ። አሁን ያልኩሽ የተፈረደ ፍርድ እንዳይፈጸም የሚያቆም ነው። ሌላው በቁጥር 154 የሚሰጠው ጊዜያዊ እግድ ነው፤ ክርክሩ ሳያልቅ ንብረቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይበላሽ፣ እንዳይሸሽ የሚያደርግ። እሱ መብትሽን አያረጋግጥልሽም፣ ነገሩን ባለበት ያቆየዋል እንጂ፤ በቂ ምክንያት ከቀረበም ሊነሳ ይችላል። ደግሞ ትእዛዙ ስለተሰጠ ብቻ ተዝናንተሽ አትቀመጪ። ካርታውን ወደያዘው መስሪያ ቤት ደብዳቤው መድረሱን አረጋግጪ፣ መዝገብ ቤት ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ያዢ። ትእዛዙ ቦርሳ ውስጥ እያለ ስም ዞሮ የተገኘ እንደሆነ ሌላ ክርክር ነው የሚሆንብሽ።

ሰበርን ለጊዜው እርሱት። የሚኬደው የመጨረሻ ውሳኔ ሲሰጥ ነው፣ እሱም መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ከተባለ። «ምስክሮቼን አላመኑልኝም» ብለሽ ሰበር ብትሄጂ በሩ ላይ ነው የምትመለሺው።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ከተያዘ አራተኛ ቀኑ ነው፣ ፍርድ ቤት አልቀረበም። ዋስ ይዘን ብንሄድ «ጠብቁ» አሉን። አካልን ነጻ ማውጣት የሚባለው ከዋስትና በምን ይለያል?

መልስ፦ በሚጠየቀው ነገር። ዋስትና ስትጠይቅ «ጉዳዩ ይቀጥል፣ እሱ ግን ከውጭ ሆኖ ይከታተል» ማለትህ ነው። በአካልን ነጻ ማውጣት ግን «በየትኛው ሕግ ነው የያዛችሁት?» ተብሎ የሚጠየቀው ያሰረው አካል ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በግምት የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። ይህ ካለፈ ፍርድ ቤት አካሉን ነጻ እንዲያወጣው መጠየቅ መብቱ ነው።

አቤቱታው ላይ ማን እንደያዘው፣ የት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ማን ሊመሰክር እንደሚችል ይጻፋል፣ በቃለ መሐላም ይደገፋል። እሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ስለእሱ ይምላል። ፍርድ ቤቱም የያዘውን አካል ሰውየውን ይዘህ ቅረብ፣ ምክንያትህንም አስረዳ ብሎ ያዘዋል።

በመሃል ፖሊስ አቅርቦት የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ምርመራው እስኪያልቅ አስሮ ለማቆየት ተጨማሪ ቀን፣ ካስፈቀደ መልኩ ይለወጣል። ያኔ ሰውየው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተይዟል ይባላልና ወደ ዋስትናው ጥያቄ ትመለሳላችሁ። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፣ ስለዚህ በየቀጠሮው ዋስትናውን አንሱ። ለማንኛውም የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ ሲያዝ ያየውንም ሰው ስም ዛሬውኑ ጽፋችሁ አስቀምጡ።