ኮርቬየር ለመግዛት ላሰባችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

አሜሪካ የምትኖሩና ኑሯችሁን ካደላደላችሁ በኋላ አንድ አሮጌ መኪና ልትይዙ የምትመኙ ትኖራላችሁ። ከመካከላችሁ ልቡ ሼቭሮሌ ኮርቬየር ላይ ያረፈ ካለ ይህ ደብዳቤ ለእሱ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቧቸው።

ምኞታችሁ ይገባኛል። ከ1960 እስከ 1969 ሞዴል የተሠራችው ይህች መኪና ሞተሯ ከኋላ ነው፤ በአየር ይቀዘቅዛል፤ ስድስቱ ሲሊንደሮች ሦስት ሦስት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። በዚያን ጊዜ ከዲትሮይት ከወጡት ትንንሽ መኪኖች እሷን የሚመስል አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ሲፈታ እያየ ያደገ ሰው የኋላ ክዳኗን ሲከፍት ብዙም ግራ አይገባውም።

ስሟ ግን ጠፍቷል፤ ስም ደግሞ ከመቃብር በላይ ይውላል። የሸማቾች መብት ተሟጋቹ ራልፍ ናደር በ1965 ስለ አሜሪካ መኪኖች አደገኛነት ያሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፉ ስለ እሷ ነበር። በ1972 የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የ1963ቷን ኮርቬየር ከፎርድ ፋልከን፣ ከፕሊመዝ ቫሊያንት፣ ከቮልስና ከሬኖ ዶፊን ጋር አነጻጽሮ ከዘመኗ መኪኖች የባሰች አይደለችም አለ። ይሄኛውን ግን ማንም አያስታውሰውም። እኔ የምመክራችሁ የፋብሪካውን ስህተት እንዳትፈሩት ነው፤ የታወቀ፣ የተጻፈ፣ መድኃኒትም የተገኘለት ነው። ፍርሃታችሁ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት መኪናዋን የነካኩት እጆች ላይ ይሁን፤ እነሱ የሠሩትን የጻፈ የለም።

ስህተቱን እንወቀው። ከ1960 እስከ 63 ያሉት የኋላ አክሲላቸው የሚታጠፈው ዲፈረንሻሉ አጠገብ ብቻ ነው፤ ጎማው ከአክሲሉ ጋር አብሮ ይወዛወዛል። ሾፌሩ በፍጥነት ኩርባ ገብቶ ደንግጦ ነዳጅ ሲለቅ የመኪናዋ ጀርባ ይነሳል፤ በውጭ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ታችኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፍና አስፋልቱን ይለቃል። አብዛኛው ክብደት ከኋላ ስለሆነ ጀርባዋ ይዞራል። ፋብሪካው ለዚህ የሰጠው መድኃኒት የጎማ አየር ነበር፦ ፊት 15 ፒኤስአይ፣ ኋላ 26። አራቱንም እኩል የነፋ ሰው መድኃኒቱን ራሱ አጠፋው ማለት ነው። ዛሬ ራዲያል ጎማ ያሰሩ ሰዎች ከዚያ ከፍ አድርገው ቢነፉም የፊትና የኋላውን ልዩነት መጠበቅ አለባቸው። ልታዩ ስትሄዱ የጎማ አየር መለኪያ በኪሳችሁ ይኑር። አራቱም እኩል ከሆኑ ሻጩ የሚሸጣትን መኪና አያውቃትም፤ ሌላውን የሚላችሁንም በዚያው ሚዛን ስሙት።

በ1964 ከዲፈረንሻሉ ሥር አግድም የተኛ ባሌስትራ ተጨመረ፤ ፊትም ማረጋጊያ ዘንግ ገባ። በ1965 ደግሞ የኋላው ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ተለወጠ፤ እያንዳንዱ አክሲል ሁለት መገጣጠሚያ አገኘ፤ የድሮው ጣጣም አበቃ። ስለዚህ ለጀማሪ የምመርጥለት 1965ን ወይም 66ን ነው። የ60–63ቷን የወደደ፣ ከአክሲሎቹ ሥር የሚታሰረው የጎማ መታጠፍ መከላከያ ባሌስትራ ያላትን ይፈልግ፤ በአሮጌ ኮርቬየር ላይ ከማደንቃቸው ጥቂት ማሻሻያዎች አንዱ እሱ ነው።

አሁን ወደ ተነካካው እንምጣ። መጀመሪያ ከኋላዋ ቁሙና ጎማዎቹን እዩ። ቀጥ ያሉ ወይም ላያቸው በትንሹ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ይሁኑ። ጀርባዋ ከፍ ብሎ የጎማዎቹ ላይ ወደ ውጭ ከተከፈተ አንድ ሰው ረጅም ሞላ ወይም በአየር የሚነፋ አሞርዛተር አስገብቶባታል፤ በ60–63ቷ ላይ ይህ ናደር የጻፈውን አደጋ በእጅ ማባባስ ነው። ሞላው በመጋዝ ተቆርጦ ዝቅ ከተደረገች ደግሞ ጉድጓድ ላይ ብረት ከብረት ይጋጫል። የ65 እና ከዚያ ወዲህ ያሉትን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሥታችሁ ላይና ታች ይዛችሁ ነቅንቁት። የኋላው ኩሽኔታ ድፍን ሆኖ ስለተሠራ ግሪስ መጨመሪያ የለውም፤ ከላላ መለወጫው ከምትገምቱት በላይ ያስወጣችኋል።

ሞተሩ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ቆዩ፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚያ ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ላዩ ላይ ተጋድሞ የሚሽከረከር ፋን ነው። የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ብቻ ሲሆን ከክራንኩ ቀጥ ብሎ ይወጣና በሁለት ፑሊዎች ላይ ተጠማዞ ወደ ፋኑ ይጋደማል። ከላላ ይዘላል፤ ከጠበቀ የፑሊውን ኩሽኔታ ይበላል። ዳሽቦርድ ላይ «ጄን-ፋን» የሚል መብራት አለ። ቁልፉን ስትከፍቱ መብራቱ መብራት አለበት፤ ካልበራ አምፑሉ ተቃጥሏል ወይም ተነቅሏል። እየነዳችሁ ከበራ ቺንጋው ሄዷል ማለት ነውና ቤቴ ልድረስ ሳትሉ እዚያው አቁማችሁ አጥፉት። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲነዳ ቴስታታው ይግልና የቫልቭ መቀመጫው ከቦታው ይወድቃል። ባለ 140 ፈረስ ጉልበቱ ሞተር ቫልቮቹ ትልልቅ ስለሆኑ ይህ አደጋ ይበልጥ ያሰጋዋል። መለዋወጫ ቺንጋና መፍቻ ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ይቀመጡ።

ከቺንጋው የባሰው፣ በዓይን የማይታየው፣ የላሜራው ጉዳይ ነው። ሞተሩን ከላይም ከታችም የሚሸፍኑ ላሜራዎች አሉ፤ በሞተሩና በቦዲው መካከል ደግሞ ዙሪያውን የላስቲክ ማሸጊያ አለ። ሥራቸው አየሩ በቴስታታው ክንፎች መካከል እንዲያልፍና ከታች የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ በፋኑ እንዳይሳብ መከልከል ነው። የውድድር ጭስ ማውጫ የሚገጥሙ ሰዎች የታችኛውን ላሜራ አውጥተው ይጥሉታል፤ ላስቲኩ ደግሞ በእርጅና ይበጣጠስና ማንም አይተካውም። ያን ጊዜ ሞተሩ የራሱን ትኩስ አየር እየደጋገመ ይስባል። በባትሪ መብራት ዙሪያውን ተመልከቱ። ከላይኛው ላሜራ ሥር የአይጥ ጎጆ መገኘቱም የተለመደ ነው፤ ለብዙ ጊዜ ቆማ የነበረች መኪና ከሆነች ላሜራው ሳይፈታ ሞተሩ ባይነሳ ይሻላል።

ዘይት የማያንጠባጥብ ኮርቬየር የለም ይሏችኋል። አትቀበሉ። ቫልቭ የሚገፉት ዘንጎች (ፑሽሮድ) የሚያልፉባቸው 12 ቱቦዎች ሁለት ሁለት ኦሪንግ (ክብ የላስቲክ ማሸጊያ) አላቸው፤ 24 መሆኑ ነው። የድሮው ላስቲክ በሙቀት እየደረቀ ይሰነጠቅ ነበር፤ ቫይተን ከሚባለው የተሠራው ግን ለዓመታት ይቆያል። የሚንጠባጠበው ዘይት በጋለ ማኒፎልድ ላይ ይወድቃል፤ የአብዛኞቹ ኮርቬየሮች ማሞቂያ ደግሞ ሲሊንደሮቹን ዳስሶ የመጣውን አየር ነው ወደ ውስጥ የሚያስገባው። መስኮት ገርበብ አድርጋችሁ ማሞቂያውን ክፈቱ። የተቃጠለ ዘይት ከሸተተ ኦሪንግ ነው፤ ዓይን የሚያቃጥል የጭስ ሽታ ካለ የጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታ የለውም። በትንሽ ገንዘብ የሚገዛውን በባትሪ የሚሠራ ጠቋሚ ውስጧ አስቀምጡ፤ ይህን እንደ ትእዛዝ ቁጠሩልኝ።

የኃይል ማሻሻያዎችን በተመለከተ፦ ፋብሪካው ከ1962 እስከ 66 ቱርቦ ያላቸውን አውጥቷል። ይህ ቱርቦ ግፊቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭ የለውም፤ የሚገድበው የማርሚታው መታፈን ራሱ ነው። ድምፁ እንዲያምር ብሎ ማርሚታውን የቀየረ ሰው ሳያውቅ ግፊቱን ከፍ አድርጎታል፤ ከዚያ ነዳጁ ያለጊዜው እየፈነዳ ፒስቶን ይበሳል። በግራና በቀኝ ያሉትን ካርቡራተሮች አንሥቶ መሃል ላይ አንድ ትልቅ የገጠመም ብዙ ነው። ከመሃል እስከ ቴስታታው ያለው ቱቦ ረጅምና ቀዝቃዛ ስለሆነ ነዳጁ መንገድ ላይ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ በክረምት አትነሳም፣ ስትነሳም ታስላለች። የድሮዎቹ ካርቡራተሮች በካርቶን ተቀምጠው ከሆነ አብረው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ።

የኋላ ወንበሩን አውጥቶ ቪ8 ሞተር ያስቀመጠ ካጋጠማችሁ፣ ያ ሌላ መኪና ነው። ራዲያተሩ ፊት ይሆናል፤ የፈላ ውኃ በሥራችሁ ያልፋል። ይህች መኪና የተለየ ሻንሲ የላትም፤ ቦዲዋ ራሱ ነው የሚሸከመው። ወለሉን ቆርጦ የበየደው ሰው ሥራ ነው እንግዲህ ሕይወታችሁን የሚይዘው። ብየዳውን መመርመር የሚችል ባለሙያ ሳታስከትሉ አትግዙ። ለመጀመሪያ መኪና ግን ጭራሽ አልመክርም።

ፍሬኑ አራቱም ታምቡር ነው፤ ያም ይበቃል። ጉድለቱ እስከ 1966 ድረስ የፍሬን ዘይቱ መስመር አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ አንድ ቧንቧ ከፈሰሰ አራቱም ይሄዳሉ። ከ67 ጀምሮ ሁለት ሆነ። በአሮጌዋ ላይ ባለ ሁለት ክፍል የፍሬን ፓምፕ የገጠመ ሰው ካገኛችሁ አመስግኑት። የኤሌክትሪክ የነዳጅ ፓምፕ ከተገጠመ ሞተሩ ሲጠፋ አብሮ የሚያቋርጥ የዘይት ግፊት ማብሪያ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሌለው በግጭት ጊዜ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል።

ዝገት የፊትና የኋላ መስታወት ግርጌን፣ ወለሉንና ከበሮቹ ሥር ያለውን ደረጃ ይወዳል። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስጠጉ፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ነው።

የወረቀቱ ነገር አጭር ነው። ኮርሳና ሞንዛ የኮርቬየር ዓይነቶች ናቸው፤ በ65 እና 66 የሻንሲ ቁጥሯ በ107 ከጀመረ ኮርሳ ናት፣ በ105 ከሆነ ሞንዛ፤ ኮርሳ የሚል ጽሑፍ በትንሽ ገንዘብ ይገዛልና ቁጥሩን እመኑ። ዶን ዬንኮ የሚባለው ሰው ለውድድር ያዘጋጃት «ስቲንገር» ናት ካሏችሁ ለ1966 ውድድር የተሠሩት 100 ብቻ መሆናቸውን አስታውሱና ሰነድ ጠይቁ። ኢንሹራንስ ስትገቡ ዋጋዋ አስቀድሞ በስምምነት የሚወሰንበትን ዓይነት ምረጡ፤ የተቀየረውንም ሁሉ አስመዝግቡ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ 1975ና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ከጭስ ምርመራ ነፃ ናቸው። አገር ቤት አስገብቼ ቦሌ ላይ እነዳታለሁ ያላችሁ ደግሞ ኢትዮጵያ በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏን አትርሱ።

ልታዩዋት ስትቀጥሩ ሞተሩን እንዳያስነሳው ሻጩን አስቀድማችሁ ለምኑት። ስትደርሱ እጃችሁን ላሜራው ላይ አሳርፉ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ለትንሽ ጊዜ ቢያንኳኳና ቢተወው የቫልቭ ታፔቶቹ ዘይት እስኪሞሉ ነው፤ ካልተወው ሌላ ጣጣ አለ። ከዚያ ነድታችሁ ስትመለሱ፣ ሞተሩ እንደሞቀ ስድስቱንም ካንዴላ አስፈትታችሁ ኮምፕረሽን አስለኩ። አንዱ ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ የቴስታታውን ዋጋ ከተጠየቃችሁት ላይ ቀንሱ። ሙቅ ሆና ከጠበቀቻችሁ ግን ሰላም ብላችሁት ሌላ ቀን ተመለሱ።