«በምን አፌ ነው የምመራቸው?»

ከሲልቨር ስፕሪንግ ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

መጀመሪያ ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጠያቂያችን 27 ዓመቷ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቃ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የቶሮብሬድ ፈረስ አርቢዎች ማኅበር ሒሳብ ትይዛለች። ቶሮብሬድ ለእሽቅድድም የሚረባው፣ የዘር ሐረጉ በመዝገብ የሚጠበቀው የፈረስ ዝርያ ነው። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ጡረታ ሊወጡ ነው። ቦርዱ ምክትል እንድትሆንና ቦታውን ቀስ በቀስ እንድትረከብ ጠይቋታል። አባቷ «አሜሪካ ያመጣሁሽ ባልደራስ እንድትሆኚ ነው?» ብለዋል፤ ነርሲንግ እንድትማር ይፈልጋሉ። እናቷ ገንዘቡ የቁማር ነው ብለው ተጨንቀዋል። ዘርፉ እየሞተ ነው የሚል ወሬም ሰምታለች። መንገዱም ሩቅ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ይህን ጽፋለች፦ «እኔ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። እነሱ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ያረቡ ናቸው። በምን አፌ ነው የምመራቸው?»

እህቴ፣ በራሳቸው አፍ ነው የምትመሪያቸው። ይህን ጥያቄሽን በደንብ ልመልስልሽ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጎበዝ የእኛ ልጆች ጥሩ ወንበር ቀርቦላቸው በዚህ ፍርሃት ሲሸሹ አይቻለሁ።

የአባላት ማኅበር የሚመራ ሰው ከአባላቱ በላይ ሙያቸውን እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። ፈረስ ማርባት የእነሱ ሥራ ነው። ያንቺ ሥራ መዝገቡ፣ ሒሳቡ፣ ቀነ ገደቡ፣ ስብሰባውና ሕጉ ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተቀጠርኩት አገር ቤት በአንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ሒሳብ ክፍል ነበር። አንድ ቀን አንድ አባት የተጨማደደ የሚዛን ደረሰኝ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። «ጎረቤቴ ከእኔ የበለጠ የተከፈለው ለምንድነው?» አሉኝ። መዝገቡን አውጥቼ መስመር በመስመር አብረን አየነው። ያስረከቡት ኪሎ፣ ቀኑ፣ ደረጃው፣ የተቀነሰው ብድር። ሲገባቸው ደረሰኙን አጥፈው መርቀውኝ ሄዱ። ቡና እንዴት እንደሚገረዝ አልጠየቁኝም፤ ያን እሳቸው ያውቁታል። እዚህ አገር መጥቼም ዋሽንግተን ውስጥ የኖርኩት በዚሁ ዓይነት ሥራ ነው። የአባሉ ዓይነት ይለያያል እንጂ ጥያቄው ያው ነው፦ ገንዘቤ የት ገባ? ወረቀቴ ለምን ዘገየ? ስለ እኔ ማን ይናገርልኛል?

አንቺ ቢሮ የሚመጣውን ነገር እንይ። ሜሪላንድ ውስጥ የተወለደ ቶሮብሬድ በግዛቱ ሜዳ ሲያሸንፍ የሚጠቀመው የፈረሱ ባለቤት ብቻ አይደለም፤ ያረባውም ሰው ጉርሻ አለው። ጉርሻውን ለማግኘት ግን ውርንጭላው የሜሪላንድ ልጅ ተብሎ መመዝገብ አለበት። ባዝራዋ የት ወለደች? ከየትኛው ድንጉላ? ቅጹ መቼ ገባ? እዚህ ላይ አንድ ወረቀት ከተዛባ አርቢው የዓመታት ልፋቱን ያጣል። ትልቅ እርሻ ያለው ሰው ጠበቃም ጸሐፊም አለው። አንዲት ባዝራ ሰው በረት ውስጥ በኪራይ የሚያስቀምጥ ጡረተኛ ግን ያለው አንቺን ነው። እሱ ሲደውል የሚፈልገው ጋላቢ አይደለም። ስልክ የምታነሳ፣ ፋይሉን የምታገኝ፣ እውነቱን የምትነግረው ሰው ነው የሚፈልገው።

ሌላው ትልቁ ሥራ ያለው የግዛቱ ምክር ቤት በሚቀመጥበት በአናፖሊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የሜሪላንድ መራጮች የቁማር ማሽን ፈቀዱ። ከዚያ ገቢ የተወሰነው በሕግ ለእሽቅድድም ሽልማትና ለአርቢዎች ጉርሻ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ታሪካዊው የፒምሊኮ የፈረስ እሽቅድድም ሜዳ በሕግ ወደ ግዛቱ እጅ ገባ። እንግዲህ የአርቢው እንጀራ ያለው ምክር ቤቱ ውስጥ ነው። ምክር ቤቱ በዓመት 90 ቀን ነው የሚቀመጠው፤ የሚከፈተውም ጥር ላይ ነው። ያ ወቅት ደግሞ ባዝሮቹ የሚወልዱበት ነው። አባላትሽ ሌሊት በረት ሲያድሩ ነገራቸው አናፖሊስ ላይ ይወሰናል። አንድ ሰው እነሱን ወክሎ ሰነዱን መከታተል፣ የምስክርነት ቀን ማስያዝ፣ ከመካከላቸው ተናጋሪ መርጦ ማዘጋጀት አለበት። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? ሥራ አስኪያጅም እንዲሁ ነው። አባሉን እስከ ማይክሮፎኑ ታደርሺዋለሽ፤ የሚናገረው እሱ ነው።

ጂም ማኬይን አስቢ። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የሜሪላንድ ሚሊየን የእሱ ሐሳብ ነበር። በግዛቱ ድንጉላዎች ልጆች ብቻ የሚወዳደሩበት ቀን ነው፤ ሌሎች ግዛቶች በኋላ ተከትለውታል። ሰውየው ፈረስ ይወድ ነበር፤ እርሻም ነበረው። እንጀራው ግን የቴሌቪዥን ስፖርት ጋዜጠኝነት ነበር። ያንን ሙያውን ይዞ መጣ። አንቺም የራስሽን ይዘሽ ነው የምትመጪው።

ይህ ማለት ስለ ፈረስ ምንም አትማሪ ማለት አይደለም። አለማወቅሽን ይቅር ይሉሻል፤ ለመማር አለመፈለግሽን ግን ይቅር አይሉሽም። ስለዚህ በሚመጣው የወሊድ ወቅት አንድ አባል እርሻው እንዲያሳድርሽ ጠይቂ። ባዝራ 11 ወር ያህል አርግዛ ሌሊት ላይ ስትወልድ እዪ። ከምድር ወገብ በስተሰሜን የተወለደ ቶሮብሬድ ሁሉ ልደቱ ጥር 1 እንደሆነ፣ በታኅሣሥ የመጨረሻ ቀን የተወለደ ውርንጭላ በማግስቱ የአንድ ዓመት ተብሎ እንደሚቆጠር እወቂ። (ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ያኔ አርቢው ስለ ቀን ለምን እንደሚጨነቅ ይገባሻል። የቶሮብሬዶችን የዘር መዝገብ የሚይዘው፣ እ.ኤ.አ. በ1894 የተቋቋመው ጆኪ ክለብ በሰው ሠራሽ መንገድ የተፀነሰን ውርንጭላ እንደማይመዘግብ፣ ወላጆቹንም በዲኤንኤ እንደሚያረጋግጥ አንብቢ። ይህን ያወቀች ሒሳብ ያዥ ስብሰባ ላይ አታፍርም።

አሁን ወደ አባትሽ። የተናገሩት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ገንዘብ ነው፤ ይሰማል። የቤት ብድሩን ግማሽ የምትከፍይው አንቺ ነሽና ደመወዝሽ ቀልድ አይደለም። ሌላው ይሉኝታ ነው፤ እሱን ግን አልሰማም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ «ልጅህ ምን ትሠራለች?» ሲባሉ የሚመልሱት ያሳስባቸዋል። ጎጃሜ እንደሆኑ ጽፈሻል። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ጥር 23 የሚወጣውን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ያውቁታል፤ ያን ማኅበር የሚመራን ሰው ባልደራስ አይሉትም። ምኒልክን በፈረሱ ስም አባ ዳኘው እያለ የሚጠራ አገር ልጅ በፈረስ ሊያፍር አይገባም። ነርስነት ትልቅ ሙያ ነው። ነገር ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ነርስ መሆን እፈልጋለሁ የሚል ቃል የለም። ሳይፈልጉ ገብቶ በሽተኛ መንከባከብ ለአንቺም ለበሽተኛውም ግፍ ነው። ለአባትሽ በአክብሮት፣ ግን ሳትቅለሰለሺ ንገሪያቸው።

ገንዘቡን በወረቀት እንየው። ማኅበሩ ለትርፍ ያልተቋቋመ ስለሆነ በየዓመቱ ፎርም 990 ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያስገባል። ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ነው። የሥራ አስኪያጁ ክፍያ እዚያ አለ። አንቺ ሒሳብ ያዥ ነሽ፤ የሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን አስቀምጪ። ገቢው ከአባልነት ነው ወይስ ከአንድ ምንጭ? መጠባበቂያው ስንት ወር ያቆያል? ደመወዙ ከብድሩ ጋር የማይገጥም ከሆነ ቦርዱን አሁኑኑ ጠይቂ፤ ቦታውን ከያዝሽ በኋላ አፍ ይከብዳል። «ወደፊት ትረከቢያለሽ» የሚለውም በቃል ብቻ ከሆነ እንዳልተባለ ቁጠሪው። ቦርዱ ድምፅ ይስጥበት፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፣ ቀን ይኑረው፣ የጤና ኢንሹራንሱም ይጻፍ።

ዘርፉ እየቀነሰ ነው የሚለው እውነት ነው። በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ከ51,000 በላይ ውርንጭሎች ተመዝግበው ነበር፤ ዛሬ ከ20,000 በታች ነው። ሆኖም አንቺ የምትማሪው ማኅበር መምራትን ነው። ዋሽንግተንና ዙሪያዋ በሙያና በንግድ ማኅበራት የተሞሉ ናቸው። ሲኤኢ የሚባለውን የማኅበር ሥራ አስኪያጆች የምስክር ወረቀት ለመያዝ ከአሁኑ አስቢ፤ ክፍያውን ማኅበሩ እንዲሸፍን ውሉ ላይ አስገቢ። ፈረሱ ቢቀር የሐኪሞቹ፣ የገበሬዎቹ፣ የግንበኞቹ ማኅበር አለ።

የእናትሽ ጥያቄ የሕሊና ጥያቄ ነው። ገንዘቡ ከቁማር ጋር መነካካቱን አትካጂባቸው። ከነፍስ አባትሽ ጋር ተመካከሪና ራስሽ ወስኚ።

የመንገዱ ርቀት? ውሉ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራትን ጠይቂ። ጥር ላይ ግን አትጠይቂ።

ቦርዱ የውሉን ረቂቅ ሲሰጥሽ እዚያው አትፈርሚ፤ አንድ ሳምንት ጠይቂና ከፎርም 990ው ጋር ላኪልኝ። አብረን እናየዋለን።