ሞለኪውል ጣት አለው እንዴ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሞለኪውሎችን በፓይተን (በፕሮግራም ቋንቋው) እንዴት እንደምናጠና ለተማሪዎቼ አጭር ማስታወሻ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። አንድ ቦታ ላይ «የካፌይንንና የቲዮብሮሚንን የጣት አሻራ አመንጭተን ስናወዳድር ተመሳሳይ ሆነው አገኘናቸው» ብዬ ብጽፍ፣ ባልደረባዬ አንብቦ ሳቀብኝ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

መልስ፦ ባልደረባሽ የሳቀው «ጣት» ላይ ይመስለኛል። እኔን ያስጨነቀችኝ ግን መጨረሻ ላይ ያለችው «ተመሳሳይ» ናት። እሷ ጋ እንደርሳለን።

መጀመሪያ ጣቱን እናውጣው። እንግሊዝኛው fingerprint ብሎ ጣትንና አሻራን በአንድ ቃል አጣብቆ ይዟል፣ አማርኛ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። የታሪክ አሻራ እንላለን። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የችግኝ ተከላ «አረንጓዴ አሻራ» ሲባል ማንም ጣቱን አላየም። ስለዚህ «የሞለኪውል አሻራ» በቂ ነው።

ጣቱን ማስወጣቱ ለሳይንሱም ይበጃል። የጣት አሻራ ስትይ ተማሪው ቶሎ የሚያስበው ፖሊስንና ፓስፖርትን ነው፣ ማለትም የአንድ ሰው ብቻ የሆነ ምልክት። የሞለኪውል አሻራ እንደዚያ አይደለም። የሞርጋንን ዓይነት ውሰጂ፣ አርዲኪት (RDKit) በሚባለው የኬሚስትሪ ፕሮግራም ላይ የምትጠቀሚው እሱን ይመስለኛል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱ አቶም ጋ ይሄዳል፣ አቶሙን ያያል፣ ከዚያ ጎረቤቶቹን፣ ከዚያ የጎረቤቶቹን ጎረቤቶች፣ ያየውንም ሁሉ ቁጥር እየሰጠ ብዙውን ጊዜ 2048 ቦታ ባለው ሰልፍ ላይ ያበራዋል። የበራው 1፣ የጠፋው 0። («በራ» እና «ጠፋ» ማለትሽን ቀጥይበት፣ ቆንጆ አማርኛ ነው።) ችግሩ፣ ሁለት የተለያዩ ቁርጥራጮች አንዳንዴ አንድ ቦታ ላይ ይገጣጠማሉ። ከዚህም የባሰ አለ፦ 10 ካርቦን ያለው ቀጥ ያለው ዴኬንና 11 ካርቦን ያለው ኡንዴኬን፣ ራዲየሱ (ማለትም ከአቶሙ ስንት ጎረቤት ድረስ እንደሚታይ) 2 ከሆነ፣ የሚያበሩት ቦታ አንድ ነው። ምክንያቱም አሻራው ቁርጥራጩ መኖሩን እንጂ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ አይመዘግብም። የሚቆጥር ዓይነት አሻራም አለ፣ እሱ ይለያቸዋል።

«ማመንጨት» ደግሞ ከምንጭ ጋር ነው ዝምድናው። ግድብ ኃይል ያመነጫል፣ ሰው ሐሳብ ያመነጫል። አሻራው ግን አዲስ የፈለቀ ነገር አይደለም። ከሞለኪውሉ መዋቅር ተሰልቶ የሚገኝ ነው፣ በዚያው ሞለኪውልና በዚያው ቅንብር መቶ ጊዜ ብትሞክሪ ያው ነው። አማካይ «እናወጣለን» እንደምንለው «አሻራ ማውጣት» በይው።

«ማወዳደር» አይነቀፍም። ውድድር ውድድር ስለሚሸተኝ ብቻ እኔ «ማነጻጸር»ን እመርጣለሁ። «ማመሳከር»ን ግን ተዪው፣ እሱ ሰነድን ከሰነድ ጋር አስተያይቶ «ልክ ነው» ወይም «አይደለም» የሚል ሰው ሥራ ነው። አንቺ የምትፈልጊው መጠን ነው።

አሁን «ተመሳሳይ»። ይህች ቃል ሁለት ፊት አላት። «በተመሳሳይ ቀን» ስንል በዚያው ቀን ማለታችን ነው። «ተመሳሳይ ቀሚስ ለብሰዋል» ሲባል ደግሞ አንድ ዓይነት ይሁን የሚቀራረብ፣ ካላየሽ አታውቂም። በወሬ መካከል ምንም አይደል። እዚህ ግን ጉዳዩ ያለው እዚያው ላይ ነው። የታኒሞቶ ሒሳብ፣ ማለትም ሁለት አሻራ የሚነጻጸርበት ቀመር፣ የሚጠይቀው «አንድ ናቸው ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ምን ያህል ይመሳሰላሉ?» ብሎ ነው። አንዱ 20 ቦታ ቢያበራ፣ ሌላው 24፣ የጋራቸው 16 ቢሆን፣ 16ን ለ28 ታካፍያለሽ (20 ሲደመር 24 ሲቀነስ 16)፣ 0.57 ገደማ ይመጣል። ይህን «ተመሳሳይ» ብትዪው ተማሪው ውጤቱ 1፣ ማለትም አሻራቸው ፍጹም አንድ፣ መስሎት ይሄዳል። 1 ቢመጣ እንኳ፣ የዴኬንን ነገር አይተናል፣ አንድ ሞለኪውል ናቸው ማለት አይደለም። ስለዚህ ግሱን ተጠቀሚ፣ «ይመሳሰላሉ»። ቁጥሩን «የመመሳሰል መጠን» በይው።

ካፌይንና ቲዮብሮሚን የሚለያዩት በአንዲት ሜቲል (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን) ነው፣ ያው የቡናውና የካካዎው ጉዳይ። እነሱን «ተመሳሳይ» ማለት ቡና ጠጪን ማስቀየም ነው።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «የካፌይንንና የቲዮብሮሚንን አሻራ አውጥተን በታኒሞቶ ሒሳብ አነጻጸርናቸው፣ የመመሳሰል መጠናቸውም ይህን ያህል ሆነ።» «ይህን ያህል» ባልኩበት ቦታ ቁጥሩን አንቺ አስገቢበት። የአሻራውን ዓይነትና ራዲየሱንም አብረሽ ጻፊ፣ እነሱ ሲቀየሩ ቁጥሩም ይቀየራልና።