ክረምቱን ከታዳጊዎች ጋር ችግኝ ለምትተክሉ፦ ጥያቄና መልስ

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። በየወረዳው የክረምት በጎ ፈቃድ ምዝገባም ተጀምሯል። እኔ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው ሰፈር፣ በግንፍሌና በቀበና ወንዝ ዳር፣ ከታዳጊዎች ጋር ችግኝ ስተክል ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ ቡድን ምሩ ወይም አግዙ የተባላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ጥያቄያችሁን አምጡ ብዬ ነበር። እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለእረፍት ቤት ስመጣ ወረዳው ምክትል የቡድን መሪ ሁን አለኝ። መሪው አለ። የምክትል ሥራ ታዲያ ምንድን ነው?

ወንድሜ፣ መሪው ዓይኑ ሥራው ላይ ነው። ያንተ ዓይን ልጆቹ ላይ ይሁን። እሱ ከወረዳው ጋር ይነጋገራል፣ ችግኝ ይረከባል፣ የት እንደሚቆፈር ያሳያል። አንተ ስም ትጠራለህ፣ የቀረ ካለ ቤቱ ትደውላለህ፣ አካፋና ዶማ ቆጥረህ ሰጥተህ ቆጥረህ ትቀበላለህ። መንገድ ላይ ከሁሉም ኋላ ሁን። የአራት ኪሎን አደባባይ ዶማ የያዙ ልጆች ሲሻገሩ የመጨረሻውን ልጅ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ዶማ ትከሻ ላይ አይወጣም፤ ብረቱ ወደ ታች ሆኖ በጎን ይያዛል። ይህን የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ንገራቸው።

ሌላው፣ ከሁሉ የሚበልጠው፣ የልጆቹን ፊት ማንበብ ነው። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ 4 ሰዓት ገደማ ላይ ይታወቃል። መቆፈሪያውን ተደግፎ ይቆማል። ሲጠሩት ቶሎ አይሰማም። «ሰነፍ» ብሎ የሚጮህበት አይጠፋም። አንተ ጠጋ በልና ዳቦ ስጠው፣ ውሃ ስጠው፣ ችግኝ የማቀበል ሥራ ስጠው። ሰው ፊት «ቁርስ በልተሃል?» ብለህ አትጠይቀው። ቦርሳህ ውስጥ ትርፍ ዳቦ አይጥፋ። ሰነፍ ከተባሉት ልጆች ብዙዎቹ የራባቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ለስንት ልጅ ስንት መሪ ይበቃል?

ለ10 ልጅ ሁለት ትልቅ ሰው። ወንዝ ዳር ከሆነ ከዚያ አትለፉ። ወረዳው 40 ልጅ ከሰጣችሁና ተጨማሪ መሪ የለም ከተባለ በፈረቃ አስገቧቸው።

ጥያቄ፦ አስተባባሪያችን ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት ይሠሩ ይላል። ልክ ነው?

ይበዛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ያልሞላ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ከዚያ በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ወጣት ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይላል። በጎ ፈቃድ ቅጥር አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ተከፍሎት የሚሠራ ልጅ የሚያገኘውን ጥበቃ በነፃ የሚያገለግለው ሊያጣ አይገባም። እኔ ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል አሠራለሁ። የሐምሌ ዝናብ አዲስ አበባ ላይ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወርደው። ከምሳ በኋላ የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ ይሞላል፣ ልጆቹም ረጥበው በታክሲ ሰልፍ ይቆማሉ።

ጥያቄ፦ የተመደብነው ቀበና ወንዝ ዳር ነው። «ወንዙን አጽዱ» ተብለናል። ልጆቹ ውሃው ውስጥ ይግቡ?

አይግቡ። ማንም ቢያዝዝ አይግቡ።

ቀበናም ግንፍሌም ከእንጦጦ በኩል ነው የሚወርዱት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አራት ኪሎና ቀበና ከዚያ በብዙ መቶ ሜትር ይወርዳሉ። መንገዱ አጭር ነው፣ ቁልቁለቱ ከባድ ነው፣ በመሀል ያለው መሬት አስፋልትና ቆርቆሮ ስለሆነ ውሃ የሚመጥ አፈር ጥቂት ነው። ስለዚህ እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ እንጦጦ ላይ የዘነበው ዝናብ በድንገት ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በየሰዓቱ ወደ ሰሜን ቀና ብላችሁ እዩ። ተራራው ከጠቆረ ሥራው አልቋል። ምልክቱን ልጆቹም ይወቁት፦ ውሃው ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ላስቲክ ማንሳፈፍ ይጀምራል፣ ድምፁ ይጎላል። አንድ ረጅም ፊሽካ ሲሰሙ ሁሉም መሣሪያውን ጥሎ ወደ ላይ እንዲወጣ ከመጀመሪያው ቀን አለማምዷቸው። አካፋውን ጎርፍ ቢወስደው ይውሰደው።

ሁለተኛው ፍሳሹ ነው። ከየቤቱ የሚወጣው ቆሻሻ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ ለወጣት ሠራተኛ ከከለከላቸው ሥራዎች አንዱ በፍሳሽ መውረጃ ቦዮች ውስጥ መሥራት ነው። ስለዚህ የልጆቹ ሥራ ደረቁ ዳርቻ ላይ ይሁን። እዚያም ቢሆን ቦቲ ጫማና ወፍራም ጓንት ይኑራቸው። ስስ የላስቲክ ጓንት ጠርሙስ አያስቆምም። መርፌና ስለት ያየ ልጅ አይነካም፤ ይጠራል። ትልቅ ሰው በመቆንጠጫ አንስቶ ጠንካራ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይክተተው። የዛገ ብረት የወጋውን ልጅ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «ትንሽ ነው» አትበሉ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ የጤና ባለሙያው ይወስናል። ሁለት ቁጥር ደግሞ ስልካችሁ ላይ ይኑር፦ የእሳትና አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። ልጄ 15 ዓመቷ ነው፣ አስም አለባት። ልላካት ወይስ ይቅርባት?

እናቴ፣ ከሐኪሟ ጋር ይነጋገሩ። ከፈቀደ ትምጣ። የምትነፋው መድኃኒት ከራሷ ጋር ይሁን፣ አጠቃቀሙንም ለመሪው ያሳዩት። ቅዝቃዜና እርጥበት አስሟን እንዳያስነሣባት ቅያሪ ሹራብ ይስጧት። መሪውን «ልጄ ቢያማት ምን ታደርጋለህ?» ብለው ይጠይቁት። ቶሎ ካልመለሰልዎ ሌላ ቡድን ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ችግኝ እንጠይቅ? አምና የደረሰን ግራቪሊያ ብቻ ነበር።

በጊዜ ጠይቁ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የሄደ የተረፈውን ነው የሚያገኘው። ግራቪሊያ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ለመንገድ ዳር ጥላ ይሆናል። ባሕር ዛፍም ከዚያው አገር በአፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ ማገዶ ያለቀባትን ከተማ አድኗል። ባለውለታ ነው። ወንዝ ዳር ግን አትትከሉት። ውሃ ይስባል፣ ከሥሩም ሣር ብዙ ስለማይበቅል አፈሩ ራቁቱን ይቀራል።

ለውሃው ቅርብ የሆነው ቦታ ላይ ቀርከሃ፣ ዶቅማና ሾላ ጥሩ ናቸው። ተዳፋቱ ላይ ቬቲቨር ሣር በአግድም መስመር ትከሉ። ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ስለሚሄድ አፈሩን ይይዛል፤ ልጆቹም ውጤቱን በዚያው ክረምት ያዩታል። ከፍ ሲል ወይራ፣ ፅድ፣ ጥቁር እንጨት፣ ብሳና። ኮሶ ወደ እንጦጦ ወጣ ሲል ይበልጥ ይስማማዋል። ዋርካና ሾላን ከአጥርና ከቤት አርቁ፤ ሥራቸው ግንብ ይሰነጥቃል።

ከመትከላችሁ በፊት ልጆቹን አንድ ቀን ይዛችሁ ውጡ። ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ቢሆን በጣም ጥሩ ነው፤ ካልተቻለ በአቅራቢያችሁ ያለ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ይበቃል። ያደገ ፅድ ሥር ቆሞ ቀና ያለ ልጅ በእጁ የያዘውን ችግኝ ሌላ ዓይን ያየዋል።

ጥያቄ፦ አተካከሉን ጨርሶ ለማያውቁ ልጆች እንዴት ላስረዳ?

ንግግር አታብዢ፣ እህቴ። አንድ ችግኝ እያዩሽ ትከዪ፣ ከዚያ አንድ አንድ እያልሽ አስተክያቸው።

በ40 ሴንቲሜትር የተቆረጠ እንጨት ለየሁለት ልጅ ስጪ። ጉድጓዱ ወደ ጎንም ወደ ታችም በዚያ እንጨት ይለካል። መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁር አፈር በአንድ በኩል፣ ከሥር የሚወጣው በሌላ በኩል ይከመራል፤ ሲመለስ ጥቁሩ ይቀድማል፣ ሥሩ የሚበላው እሱን ነውና። ቁፋሮው ከተከላው ቀደም ብሎ ቢያልቅ ይሻላል።

ዋናው ጥንቃቄ ችግኙ ያደገበት ላስቲክ ላይ ነው። ግንዱ በጣቶችሽ መሀል እንዲወጣ አድርገሽ አፈሩን በመዳፍሽ ደግፊ። ላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች በጎን ሰንጥቂው። ምላጩን የሚይዘው መሪ ብቻ ነው። ከሥር የተጠቀለለ ሥር ካለ ጫፉ ይቆረጥ። አፈሩ ሳይፈርስ ቀስ ተብሎ ይቀመጥ። ግንድና ሥር የሚገናኙበት ቦታ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን። ዙሪያውን በእግር ጠቅጠቅ ይደረግ። ቅጠሉን ይዘሽ ሳብ ስታደርጊው ንቅል ካለ እንደገና ይተከል።

ልትሄዱ ስትሉ ላስቲኮቹን ቁጠሩ። 50 ችግኝ ተክላችሁ 46 ላስቲክ ከተገኘ፣ አራት ችግኝ ከነላስቲኩ ተቀብሯል ማለት ነው። ሥሩ መውጫ አጥቶ ይደርቃል። ፈልጋችሁ አውጡት። ልጆቹ ይህን ፍለጋ ይወዱታል፤ በሚቀጥለው ቀን አንድ ላስቲክ አይጎድልም።

ጥያቄ፦ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሺህ ትተክላላችሁ ተብለን ዕቅድ ተሰጥቶናል። ምን እናድርግ?

ሐምሌ 22 ቀን 2011 በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ከዚያ ወዲህም እንዲህ ያሉ ቀኖች ነበሩ። ውጡ፣ ተሳተፉ። ሰው በአንድነት ሲወጣ ደስ ይላል፣ ልጆቹም ይደሰታሉ። የቡድናችሁን ክረምት ግን በዚያ ቀን ቁጥር አትለኩት። ሐምሌ የተተከለውን ነሐሴ ላይ ሣር ይውጠዋል። ፍየል ያልፍበታል። ጎርፍ ሥሩን ያወጣዋል። እኔ ወረዳውን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ትንሽ ቦታ ስጡን፣ ክረምቱን ሙሉ የኛ ይሁን። 300 ችግኝ ተክሎ ነሐሴ ሙሉ የሚኮተኩት ቡድን 3,000 ተክሎ ወደ ሌላ ሰፈር ከሚሄደው የበለጠ ዛፍ ያተርፋል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልጆቹ መቅረት ጀመሩ። የመጡትም ስልክ ላይ ናቸው። እንዴት እንያዛቸው?

ይህ ሁሉም ቡድን ላይ ይመጣል። ቁጣ አይመልሰውም። ስልክ መሰብሰብ ለሥራ ሰዓት ይጠቅማል፣ ልጁ ነገ እንዲመጣ ግን አያደርገውም። የሚያመጣው እሱ ካልመጣ የሚጓደል ነገር ሲኖር ነው።

ቦታውን ለሁለት ለሁለት ልጅ አካፍሉ። በየሳምንቱ ቦታውን ሁላችሁም አብራችሁ እዩ። አንድ ክረምት ዶማ መንካት ያልፈለገች የ16 ዓመት ልጅ ነበረችን። ደብተርና እርሳስ ሰጠኋትና የቦታውን ካርታ ሥሪ አልኳት። ችግኙን ሁሉ ነጥብ በነጥብ አሰፈረች፤ ወይራውን በክብ፣ ቀርከሃውን በመስመር። ነሐሴ ላይ ወንዶቹ ማለዳ ሲመጡ መጀመሪያ እሷ ጋ ይሄዱ ነበር፦ «የኛ ስንት ደረቀ?» የደረቀውን በቀይ ታሳያቸዋለች። ቀዩን ለማጥፋት ራሳቸው ችግኝ ጠይቀው ይተክላሉ። በኋላ ዶማውንም አንስታለች፣ ካርታው ላይ ያለው ቀይ አላስችል ብሏት።

ሥራም ቀያይሩ። በየቀኑ መቆፈር ትልቅ ሰውንም ይሰለቸዋል።

ጥያቄ፦ ነሐሴ ፍልሰታ ነው። የሚጾሙ ልጆችን እንዴት እናድርግ?

ነሐሴ 1 ሲገባ ሥራውን አቅልሉ። ቁፋሮው በሐምሌ ይለቅ፤ ነሐሴ የኩትኳቶና የቬቲቨር ይሁን። ማልደው ያስቀድሳሉና አርፍዶ የመጣውን አትቆጡ። ምግቡን ለሁሉም የጾም አድርጉት፤ ሽሮ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሻይ። ለሙስሊም ልጆች የዓርብ ሶላት ሰዓት ይከበር። ቡሄ ላይ ደግሞ ልጆቹን ልቀቋቸው፣ ሆያ ሆዬ የሚሄዱ አሉ።

ጥያቄ፦ ሴቶች ልጆች ቶሎ ያቋርጣሉ። ለምን?

ብዙ ጊዜ መጸዳጃ ቤት ስለሌለ ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ትምህርት ቤት፣ ቤተ እምነት ወይም ካፌ አነጋግራችሁ ፈቃድ ያዙ። ሞዴስ በመሪዋ ቦርሳ ውስጥ ይኑር፣ የት እንዳለም ሁሉም ሴቶች ይወቁ። ከመሪዎቹ አንዷ ሴት ትሁን። ሌላው ደግሞ፣ ሴቶቹን ውሃ አመላላሽ አታድርጓቸው። ዶማው ለእነሱም ይድረስ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ክረምቱን ፓርክ ውስጥ እየተከፈለው እንደሚሠራ ነገረኝ። እውነት ነው?

እውነት ነው። ዩዝ ኮንሰርቬሽን ኮርፕስ የሚባል የመንግሥት ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጀመረ ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶች በብሔራዊ ፓርኮችና ደኖች ውስጥ የእግር መንገድ ይጠግናሉ፣ ዛፍ ይተክላሉ፤ ይከፈላቸዋል። እዚህ በጎ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ለልጆቹ በመጀመሪያው ቀን እቅጩን ንገሯቸው፦ ደሞዝ የለም። የትራንስፖርትና የምግብ ካለ ስንት እንደሆነ፣ ከሌለም እንደሌለ። የምስክር ወረቀት ይሰጣል ከተባለ ስማቸውን አሁኑኑ በትክክል አስጽፉ።

ጥያቄ፦ መስከረም ላይ ልጆቹ ትምህርት ይገባሉ። ችግኙን ማን ያጠጣዋል?

ይህን ሰኔ ላይ ነው መጠየቅ። ዝናቡ መስከረም መጨረሻ አካባቢ ያቆማል፣ ከዚያ በልግ እስኪመጣ ረጅም ደረቅ ወራት አሉ። ብዙ ችግኝ የሚሞተው ያኔ ነው። ቦታ ስትመርጡ ውሃ የሚገኝበትን ምረጡ። በአቅራቢያው ያለ የሕንፃ ጥበቃ፣ የጀበና ቡና የምትሸጥ እህት፣ የመኪና አጣቢ ልጆች ካሉ ከአሁኑ ተዋወቋቸው፣ በተከላው ቀንም ጋብዟቸው። በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት በየችግኙ ዙሪያ አፈሩን ጎድጎድ አድርጉና በታጨደ ሣር ሸፍኑት፤ እርጥበቱ ይቆያል። ሣሩ ግንዱን አይንካ። ከዚያ ሰፈሩ ውስጥ የሚኖሩትን ልጆች ለዩ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሁለት እየሆኑ በጄሪካን ያጠጡ። ተራውን ጻፉና ለወላጆቻቸው ስጡ፤ ልጁ ቢረሳ እናቱ ታስታውሰዋለች።