በወረርሽኝ ጊዜ ሰልፍ ይከልከል ወይ? ከጀርመን ያየሁትን ልንገርሽ

እህቴ፣ «ወረርሽኝ እያለ ሰልፍ መውጣት ራስ ወዳድነት አይደለም ወይ? መንግሥት ቢከለክልስ መብት ተጣሰ ይባላል?» ብለሽ ጠይቀሻል። የምኖረው ፍራንክፈርት አካባቢ ነው። በኮሮና ጊዜ ሰልፍ ካስተባበሩት አንዱ ስለነበርኩ የደረሰብኝን ላጫውትሽ።

በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ ቤይሩት ያሉ አሠሪዎች እህቶቻችንን ቆንስላችን ደጃፍ እየጣሏቸው ይሄዱ ነበር። ሻንጣቸውን ተደግፈው ሜዳ ላይ ሲያድሩ በስልክ እያየን ዝም ማለት አልቻልንም። ሰልፍ ልንወጣ ነው ብዬ ስደውል አንድ የከተማው ሠራተኛ «አሁን ሰልፍ የለም» ብሎ ዘጋብኝ። እኔም አምኜ ትቼው ነበር። ሕግ የምታጠና አንዲት ልጅ ናት «ይኼማ ፍርድ ያገኘ ጉዳይ ነው» ያለችኝ።

እውነቷን ነው። ፍራንክፈርት ባለችበት በሄሰን ክፍለ ግዛት ጊሰን ከተማ ሰልፍ ተከልክሎ ጉዳዩ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደርሷል። አዘጋጆቹ ሰዉ 30 ገደማ እንደሚሆንና ተራርቆ እንደሚቆም አሳውቀው ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2020 ክልከላውን አገደው። ከተማው የኮሮና ደንቡን ሰልፍን በጅምላ የሚከለክል አድርጎ ወስዶታል፤ የዚህን ሰልፍ ሁኔታ ለብቻው አልመዘነም አለ። ሰልፉ የግድ ይካሄድ አላለም፤ አይታችሁ እንደገና ወስኑ ነው ያለው። ለእኔ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከልካዩ ለምን ቀለል ያለ መንገድ እንዳልበቃው ማስረዳት አለበት።

ራስ ወዳድነት ያልሽው ግን የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ከመካከላችን ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ «በሽተኞቼን ያያችሁ ብትሆኑ አትወጡም ነበር» ብላ አለቀሰች። ሰልፉን ያዳነችው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም፤ ደንቡን ያወጣችልን እሷ ነበረችና። አረጋውያን ቤታቸው ሆነው በስልክ እንዲከታተሉ፣ መፈክሩን አንድ ሰው ብቻ በድምፅ ማጉያ እንዲል፣ ሌላው ጽሑፍ ይዞ እንዲቆም አደረገች። አስፋልቱ ላይ በጠመኔ በየአንድ ሜትር ተኩሉ ምልክት አደረግን። ይህን ሁሉ ከካርታ ጋር አያይዘን ስናስገባ ተቀበሉን።

ከሁሉ የከበደን ሰላምታው ነበር። የእኛ ሰው ወራት ተለያይቶ ተገናኝቶ እንዴት አይሳሳም? ሦስት አስተናጋጆች ሥራቸው እሱን መከላከል ብቻ ነበር። አንዲት እናት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከሩቅ ሲያለቅሱ ዛሬም ይታየኛል።

ሌላም ጎን አለው። በዚያው ዓመት ኦገስት 29 በርሊን ላይ ባለሥልጣናት የከለከሉትን ሰልፍ ፍርድ ቤት ፈቅዶት፣ ርቀት ስላልተጠበቀ ፖሊስ በትኖታል። ያ መበተን ትክክል ነበር እላለሁ። ቃል ገብተው ያፈረሱ ሰዎች ለቀጣዩ አመልካች በር ይዘጋሉ።

አገር ቤትም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ሰልፍን ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 93 ደግሞ ለወረርሽኝ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅን ይፈቅዳል። በ2012 የወጣው ደንብ ከጥቂት ሰው በላይ መሰብሰብን ከልክሎ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ፣ ስለ በሽታው ብዙም ሳይታወቅ፣ እንዲህ መደረጉን አልቃወምም። ገበያውና ታክሲው ሰው ጢም ካለ በኋላ ግን ሰልፉ ብቻ ለምን ተለየ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እናንተም ልታመለክቱ ካሰባችሁ የጤና ባለሙያ ከደብዳቤው በፊት አማክሩ።