ድሬ ላይ ጋሪ ለምትገፉ ወላጆች፦ ወደ ላይ ውጡ

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ወደ ድሬ በሰላም መጣሽ። ከታች ለሚያነቡትም እንዲመች ጥያቄሽን ላስታውስ፦ ከአዲስ አበባ በሥራ ዝውውር መጥታችኋል፤ የአራት ዓመት ሴት ልጅና የዘጠኝ ወር ሕፃን አላችሁ፤ ቅዳሜና እሁድ የሕፃን ጋሪ እየገፋችሁ የምትንሸራሸሩበት፣ ገጠር ገጠር የሚል ቀለል ያለ ቦታ ነው የምትፈልጉት። እስካሁን የመለሱልሽ ሰዎች ከዚራ (እዚሁ ከተማው ውስጥ ያለው ሰፈር)፣ ደቻቱ (ወንዙ)፣ ጀጎል (በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ)፣ ባቢሌ፣ ሐርላ እያሉ ቆጥረውልሻል። ሁሉም መታየት ያለባቸው ናቸው፤ ግን ጋሪ ገፍቶ የሚያውቅ ሰው ጀጎልን አይመክርም። ልጆቼን ያሳደግኩት እዚሁ ነውና የማውቀውን ልንገርሽ፤ ትንሽ ይረዝማል።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ ድሬ ዙሪያ ጋሪ የሚገፋበት ገጠር የለም በይው። ወይ አሸዋ ነው፣ ወይ ድንጋይ፣ ወይ የግራር እሾህ፤ በዚያ ላይ ፀሐዩ አለ። ገጠር ካማራችሁ ወደ ላይ፣ በሐረር መንገድ ወዳለችው ሐረማያ ውጡ። ከተማ ውስጥ ከዋላችሁ ከዚራን በማለዳ። ለቀረው ቦታ ጋሪውን ቤት ትታችሁ ሕፃኑን እዘሉት።

ለምን ወደ ላይ? ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረማያ 2,000 ሜትር ይደርሳል። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ አካባቢ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ድሬ 33 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት ሐረማያ 28 ገደማ ነው። ትልቅ ሰው በአምስት ዲግሪ ልዩነት ያማርር ይሆናል እንጂ ብዙም አይጎዳም። ጋሪ ውስጥ የተቀመጠ ሕፃን ግን ለአስፋልቱ ቅርብ ነው፤ መሬቱ የያዘውን ሙቀት የሚተፋው እሱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደራ አለኝ። ፀሐይ እንዳይነካው ተብሎ ጋሪው ላይ ነጠላ ወይም ፎጣ ጥሎ ዙሪያውን መዝጋት የተለመደ ነው። ጥላ ይመስላል፤ ነገር ግን አየሩን ዘግቶ ውስጡን ምድጃ ያደርገዋል። የጋሪውን የራሱን ክዳን አውርጂ፣ ከፊትም ከጎንም አየር ይግባ፣ ፊቱ ሁልጊዜ ይታይሽ። ሞቆት እንደሆነ ለማወቅ እጅና እግሩን ሳይሆን ማጅራቱን ዳብሺው፤ ላብ ካለ ጥላ ፈልገሽ ቁሚና አጥቢው።

ከዚራን እኔም እወደዋለሁ። ባቡሩ በ1895 ድሬ ከደረሰ በኋላ የባቡር ኩባንያው ፈረንሳዮች በመስመር ያወጡት ሰፈር ስለሆነ መንገዱ ቀጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ግራና ቀኙ ዛፍ። የድሬዳዋ ዛፍ በሙቀቱ ወራት ቀይ አበባውን ሲያፈስ ትልቋ ልጅሽ አበባ እየለቀመች ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ትፈጃለች፤ ተዋት። እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ባጃጁ ገና አልበዛም፣ አየሩም ደስ ይላል። የእግረኛ መንገዱን ግን አትመኚው፤ የዛፍ ሥር ያነሳው ንጣፍ አለ፣ ጠርዙም ከፍ ይላል። በዚያ ሰዓት በአስፋልቱ ዳር ዳር መግፋት ይቀላል። ከለገሀር አሮጌው ባቡር ጣቢያ ተነስታችሁ በጥላው ወደ ውስጥ ዞር ዞር ብትሉ፣ መጨረሻ ላይ ፈጢራ ወይም ፉል በልታችሁ እስከ 3 ሰዓት ቤት ትገባላችሁ። ከቀትር በኋላማ ድሬ ራሷ ትተኛለች፤ ልጅ ይዞ የሚወጣ የለም።

ደቻቱን የመከረሽ ወንድማችን ቅር እንዳይለው። እውነት ነው፣ ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅና ሰፊ አሸዋ ነው፤ ልጅ አይቶ አያልፈውም። ጋሪ ግን ጥቂት እርምጃ አይሄድም። ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ወደ ጎን ይዞሩና ይቀበራሉ፤ ከዚያ በኋላ መጎተት ነው እንጂ መግፋት የለም። ትልቁ ነገር ግን እሱ አይደለም። የደቻቱ ጎርፍ ከድሬ ሰማይ አይመጣም፤ ከላይ ከተራሮቹ ነው የሚመጣው። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ላይ ከዘነበ ውሃው በአንዴ ይወርዳል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 ሰው በላይ ፈጅቷል። በበልግም በክረምትም፣ አሸዋው ደርቆ ብታዪውም፣ ልጆች ይዘሽ አትውረጂ።

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። የራሳችሁ መኪና ወይም ኮንትራት ቢሆን ይመረጣል፤ ሚኒባስም ይቻላል። በሚኒባስ ከሆነ ጋሪው ታጥፎ ጣሪያ ላይ ስለሚታሰር የሚነቀሉትን ጎማዎች ነቅላችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ፤ ሐረማያ ደርሶ ባለሦስት ጎማ ሆኖ የተገኘ ጋሪ አይቻለሁ። እስከ ደንገጎ ያለው ዳገት ጥምዝምዝ ነው፤ ትልቋን ከመነሳታችሁ በፊት ብዙ አታብሏት፣ መንገድ ላይም ስልክ አታሳዩአት፣ ያስመልሳታል። የሕፃኑ ጆሮ ሽቅቡ ላይ ሊዘጋ ይችላል፤ ካለቀሰ ጥግ ይዛችሁ ቁሙና አጥቢው፣ ሲውጥ ይከፈትለታል። ማለዳ ተነሱ፤ የጫት መኪኖች እዚያ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚበሩ ማንም ይነግርሻል፣ ከእነሱ ጋር አትሽቀዳደሙ።

ደንገጎ ላይ መስኮት ስትከፍቱ የምትተነፍሱት አየር ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ አገሩ ይለጠጣል፦ አደሌ፣ ከዚያ ሐረማያ። ለጋሪ የማስቀድመው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲን ግቢ ነው። በ1940ዎቹ በግብርና ኮሌጅነት የተጀመረ ስለሆነ ግቢው ግማሽ ከተማ፣ ግማሽ እርሻ ነው፤ አስፋልት፣ ትልልቅ ዛፍ፣ ሣር፣ ወረድ ስትሉ ደግሞ ከብትና የሙከራ ማሳ። ላም በቅርብ አይታ ለማታውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ይህ ብቻ ይበቃታል። መታወቂያ ያዙ፤ እዚያ የሚሠራ ወይም የሚማር የምታውቁት ካለ ቀድማችሁ ደውሉለት። ማስገባት አለማስገባት የበሩ ጥበቃ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ አይቻልም ካሉ አትከራከሩ፣ ወደ ሐይቁ እለፉ።

የሐረማያ ሐይቅ ታሪኩ ያሳዝናልም ያስደስታልም። ለሐረር የሚጠጣው ውሃ ከእሱ ይሳብ ነበር፤ ለጫቱና ለድንቹ መስኖ በየዳሩ ሞተር ተተክሎ ይጠጣ ነበር፤ ከጋራው ደግሞ ደለል ይገባበታል። ተደማምሮ በ1990ዎቹ ደረቀ። እኔ ሞልቶ ያየሁትን ሐይቅ ትልቁ ልጄ የከብት ግጦሽ ሆኖ ነው ያወቀው። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፣ ወፉም አብሮ መጥቷል። ውሃው ያልተመለሰበት የቀድሞው ወለል ሜዳ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሲጠጥር ጋሪ ይሄድበታል። ከዝናብ በኋላ ግን አትሞክሩት፤ ጭቃው ጎማው ላይ ተጠቅልሎ ሁለተኛ ጎማ ይሆናል። ውሃው ዳር ድረስም አትግፉ፣ ላዩ የደረቀ የሚመስለው ሥሩ ይሰምጣል። ልጅቷ ድንጋይ መወርወሯ አይቀርም፤ እጇን ይዞ የሚቆም አንድ ሰው ይኑር፣ ጋሪውን ሌላው ይያዝ።

ከዋናው መንገድ ወደ ቀበሌዎቹ የሚገቡት ጥርጊያዎችም ደህና ናቸው፣ ማሽላውና ጫቱ መሀል። ገጠር ማለት እሱ ነው። ሰው ሲያጋጥማችሁ ቀድማችሁ «አሰላሙ አለይኩም» በሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሕፃኑን ሳይስም የሚለቃችሁ የለም። ከመንገዱ ወጥታችሁ ማሳ ውስጥ አትግቡ፣ ፎቶም ሳትጠይቁ አታንሱ። ደግሞ ጫት ላይ የተባይ መድኃኒት ይረጫል፤ ልጅቷ ቅጠሉን ቆንጥራ አፏ ውስጥ እንዳትከት፣ ከነካችም እጇን አስታጥቢያት።

ጊዜ ተርፏችሁ ሐረር ከዘለቃችሁ፣ ጀጎልን ያለ ጋሪ እዩት። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ቁልቁለትና ዳገት ነው፣ አንዳንዱ መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ጋሪ ይዛችሁ ብትገቡ ቀኑን ሙሉ ለሁለት ተሸክማችሁት ትውላላችሁ። ሕፃኑን አዝላችሁ በሐረር በር ግቡ፣ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ሂዱ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ማሽኑን ለልጅቷ አሳዩአት፣ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ግዙላት፣ ሳይሰለቻት ውጡ። ጋሪውን ማንሳት የግድ ከሆነ ከሐረር በር ወደ አዲሱ ከተማ የሚሄደው ሰፊ መንገድ ይሻላል። ጅብ ማብላቱ የማታ ነገር ነው፤ ለአራት ዓመት ልጅ መኪና ውስጥ ሆና ብታይ ይበቃል፣ ለሕፃኑ ምንም አይጨምርለትም።

ባቢሌን፣ ዳከታን፣ ሐርላን ለሌላ ጊዜ አቆዩአቸው። ከባቢሌ አለፍ ብሎ ባለው በዳከታ ሸለቆ ተደራርበው የቆሙት ድንጋዮች ከአስፋልቱ ስለሚታዩ ወርዳችሁ ጥቂት ብትራመዱ ደስ ይላል፤ ግን መኪናው ይበራል፣ የመንገዱ ዳር ለጋሪ አይሆንም፣ ዝንጀሮዎቹም ምግብ ካዩ ይደፍራሉ። ሲመለሱ የባቢሌ ለውዝ ገዝቶ መብላት ግን ግዴታ ነው፣ ለትልልቆቹ ማለቴ ነው፤ ለሕፃኑም ለአራት ዓመቷም ፍሬውን እንዳለ አትስጡ፣ ያንቃል። ሐርላ ላይ የተገኘው የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ፍርስራሽ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ ይደርሳል።

ስለ ትንኝም ጠይቀሻል። ድሬ ወባ አለ፤ የወባዋ ትንኝ በማታና በሌሊት የምትነክሰው ናት፣ አጎበር አትርሺ። ቀን የምትነክሰው ሌላ ናት፤ በ2006 ደንጊ፣ በ2011 ቺኩንጉንያ ድሬ ላይ ያሰራጨችው እሷ ናት፤ በየቤቱ ባለው ክፍት በርሜልና ባልዲ ነው የምትራባው። ስለዚህ የማለዳው የከዚራ ጉዞም ቢሆን ስስና ረጅም እጅጌ ይፈልጋል። ትኩሳት ከመጣ ጤና ጣቢያ ነው፤ አስፕሪን አትስጡ።

ጋሪ ገና ልትገዙ ከሆነ ጎማው ትልቅ የሆነውን ምረጡ። በንፋስ የሚሞላው ድንጋይ ላይ ይለሰልሳል፣ እሾህ ግን አይችልም። የግራር እሾህ ገብቶ ጫፉ ጎማው ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ፣ ብትነፉትም ማግስቱን ይተኛል። ጎሚስታ ውሰዱት፣ ካላመዳሪውን (የውስጡን ጎማ) እንደ ሳይክል ይጣፍላችኋል፤ ከመጣፉ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣቱ ዳብሶ ስብርባሪውን እንዲያወጣ ንገሩት፣ አለበለዚያ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይበሳል። ከውስጡ ድፍን የሆነውን ጎማ ብታገኙ ለእኛ አገር እሱ ይሻላል።

ዳይፐር የት እንደሚቀየር ላልሽው ደግሞ፦ ሐረማያ መንገድ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች ሻይ ካዘዛችሁ ጓዳቸውን ይሰጧችኋል፤ መንጠፊያ ጨርቅ፣ እጅ መታጠቢያ ውሃና የቆሻሻ ፌስታል የራሳችሁን ያዙ። የተጠቀማችሁበትን ዳይፐር ድሬ ይዛችሁት ተመለሱ፣ ሐይቁ ዳር አትጣሉት።